ጠረጴዛው ለማን ነው?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ስፖርት ውድድር፣ ስለ ጤና አጠባበቅ ብዙ ተጽፏል፤ እኛም ቆመን ብዙ አንብበናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ነው። “እንዴ! ይኼ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?” የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ብንሆን ነገሩ ቤታችን ገብቶ እስኪያስተምረን ድረስ እንደዚያው ነበር የምንለው። እስቲ ትንሽ ታገሡንና አብረን እንየው።

“እኛ” ስንል የአንድ ቤት ልጆች ማለታችን ነው። ቤታችን አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ የጭቃ ቤት ነው። አባታችን ሸማኔ ናቸው፤ የሽመና ዕቃቸው ከቤቱ ጎን ባለችው ዳስ ውስጥ ተተክሏል። እናታችን ጥጥ ይፈትላሉ፣ እንጀራም ጋግረው ይሸጣሉ። እኛ ልጆቹ ሦስት ነን። አንደኛው ይህን የሚጽፈው እጩ መምህር፣ ሁለተኛዋ እህታችን፣ ሦስተኛው ደግሞ ማሙሽ የምንለው የሁላችን ታናሽ ነው። መኖሪያችን አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ነው። እንግዳ የሚቀመጠውም፣ ቡና የሚፈላውም፣ የሚጠናውም፣ ማታ ፍራሽ ዘርግተን የምንተኛውም እዚያው ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ አንዲት የዋንዛ ጠረጴዛ ነበረች። አባታችን ከመካከላችን ትልቁ 5ኛ ክፍል ሲገባ ያሠሯት ናት። መሳቢያ አላት፤ በአንድ በኩል በእስክሪብቶ የተጻፈ የማባዣ ሠንጠረዥ አለባት፤ አንዱ እግሯ ሥር ደግሞ እንዳትነቃነቅ የተጣጠፈ ካርቶን ይገባል። ቦታዋ መስኮቱ ሥር ነበር። መብራት ቢጠፋ እንኳ እስኪመሽ ድረስ እዚያ ይነበባል።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ለአባታችን ዕቁብ ወጣላቸው። የቤተ ሰቡ ምኞት ለዓመታት አንድ ነበርና ባለ 32 ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ተገዛ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ዳሩ ግን ካርቶኑ ተከፍቶ ቴሌቪዥኑ ከወጣ በኋላ “የት እናስቀምጠው?” የሚል ጥያቄ መጣ። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ዞር ዞር ብለን አየንና ዓይናችን ጠረጴዛዋ ላይ ዐረፈ። ቁመቷ ልክ ነው፣ ጠንካራ ናት፣ መሳቢያዋም ሪሞቱን ይይዛል። አባታችን “ለጊዜው ነው” አሉ። ደብተራችንን አነሣን፤ እናታችን ከላይዋ ነጭ ዳንቴል አለበሱና ቴሌቪዥኑ ነገሠ።

ለጊዜው የተባለ ነገር እንደማይነቃነቅ ማን ያጣዋል? ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ፣ መጋቢት መጣ። እህታችን የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች፤ ትልቁም የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበር። እኛ መደብ ላይ ቁጭ ብለን ደብተራችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን እንጽፍ ጀመር። አንዳንዴም የዱቄቱን በርሜል ክዳን ጠረጴዛ እናደርገዋለን፤ እናታችን ዱቄት ሲፈልጉ ግን ተነሡ እንባላለን። የእህታችን ጽሕፈት መስመር መሳት ጀመረ። ጂኦሜትሪ ስትሠራ ማስመሪያዋ ከጉልበቷ ላይ ይንሸራተታል፤ ትሰርዛለች፣ ደግማ ትሰርዛለች፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። ማንም ክፉ አላሰበም። አባታችን ቴሌቪዥን የገዙት እኛን ብለው ነው። እኛም ብንሆን ዜናውንም ኳሱንም ስናይ ደስ ይለን ስለነበር ጠረጴዛችን ትመለስልን ብለን ደፍረን አልተናገርንም።

ነገሩን ያነቃነቀው ማሙሽ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ አራት ዓመት የሞላው ማሙሽ ሪሞቱን ፍለጋ መሳቢያውን ሳበ። ከዚያም የተከፈተውን መሳቢያ እንደ ደረጃ ረገጠና ወደ ላይ ለመውጣት የዳንቴሉን ጫፍ ጨበጠ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉ ላይ ነበርና አብሮ ተንሸራቶ መጣ። እናታችን ሊጥ የያዘ እጃቸውን ሰደው በደረታቸው ደገፉት። ልጁም ቴሌቪዥኑም ተረፉ፤ ስክሪኑ ላይ የቀረው የሊጥ እጅ ብቻ ነበር። እናታችን ቁጭ ብለው አለቀሱ። “ዕቃው ይሰበር፤ ልጄን ግን!” አሉ።

በኋላ ስናስበው ነገሩ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ጀርባው ሆዳም፣ ክብደቱም ብዙ ስለነበር በቀላሉ ከቦታው አይነቃነቅም ነበር፤ የወደቀ ለታ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። የዛሬው ጠፍጣፋው ደግሞ ቀላል ነው፤ ሰፊ ገጽ ይዞ በሁለት ቀጫጭን እግሮች ይቆማል። ከላይ ትንሽ ከተገፋ የክብደቱ ማዕከል ከእግሮቹ መቆሚያ ውጭ ይወጣና ይወድቃል። ሥሩ ጨርቅ ሲኖር ደግሞ የሚያንሸራትት ገመድ አስረንለታል ማለት ነው። መሳቢያውም ለሕፃን መሰላል ነው። በመሆኑም ሕፃን ባለበት ቤት ከቴሌቪዥን ሥር ጨርቅ አይነጠፍም፤ ሕፃኑ የሚፈልገው ነገርም ከቴሌቪዥኑ በላይ ወይም ከሥሩ ባለ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ይህን ያወቅነው ከድንጋጤ በኋላ ነው።

በማግስቱ አባታችን ማስቀመጫ እንዲገዛ ወሰኑ። ከእህታችን ጋር ሆነን ዕቃ ቤቶቹን ዞርን። መጀመሪያ ያየነው ባለ መስታወትና ባለ ብዙ ሣጥን፣ የሚያብረቀርቅ የችፕውድ ማስቀመጫ ነው። አባታችን ወደዱት። ጎረቤት ቤት እንደዚያ ያለ አለና! ዋጋው ሲነገረን ግን የሁለት ወር ገቢያቸው ሆነ። እናታችን በበኩላቸው ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩና “መጥረጊያ የት ይገባል?” ብለው ጠየቁ። ሻጩ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ችፕውድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ ስለሆነ ጠርዙ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ወለል በውሃ በሚታጠብበት ቤት፣ መሬት ላይ የተደፋ ችፕውድ ዕድሜው አጭር ነው። ደግሞም ከቦታ ቦታ ሲጎተት ብሎኖቹ ይላላሉ።

ሁለተኛው ምርጫ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ብረት ነበር። “ቦታም አይዝ፣ ልጅም አይደርስበት” ብለን ተስማማን። ድሪል የያዘው ሠራተኛ መጥቶ ግድግዳችንን በጣቱ አንኳኳና ራሱን ነቀነቀ። ጭቃና ጭድ ፊሸር አይዝም፤ ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ቢሆን ኖሮ እሺ። ብረቱን የሚሸከሙት ከጭቃው ውስጥ ያሉት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ የቆሙት ቤቱ በተሠራበት ዘመን እንጂ በብረቱ ቀዳዳ ልክ አይደለም። ሰውየው ገንዘብ ሳይቀበል ሄደ። እውነቱን ስለነገረን እስከ ዛሬ እናመሰግነዋለን።

ሦስተኛው ባለ ጎማ የብረት ብየዳ ነበር። ጠንካራ ነው፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን ወለላችን ወጣ ገባ ስለሆነ ጎማው ራሱ ይሄዳል፤ የማዕዘኑም ስለት ልክ ከማሙሽ ግንባር ትይዩ ነው። እርሱንም ተውነው።

እንዲህ እያልን ሳንወስን ነሐሴ ገባና የእህታችን ውጤት መጣ። አለፈች። ዳሩ ግን እርሷም አባታችንም የጠበቁትን ያህል አልነበረም፤ ይልቁንም ሒሳቡ ዝቅ ብሏል። እርሷ ምንም አላለችም። አባታችን ደብተሮቿን አምጪ አሏትና አንድ በአንድ ገለጡ። አባታችን ብዙ አልተማሩም፤ መስመር ግን ያውቃሉ። የሸማኔ ዓይን የጠመመ ድር አያልፈውም። ከጥር በፊት የተጻፈውንና ከጥር በኋላ የተጻፈውን ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያም ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ “ለቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሰጠነው፤ ለልጅቷ ጉልበቷን።”

ውጤት በጠረጴዛ ብቻ ይወሰናል አንልም። እንደዚያ ብንል እኛም የራሳችንን ስንፍና በእንጨት ማሳበባችን ነው። ጠረጴዛ የሌላቸው ስንቶች አንደኛ ወጥተዋል። ይሁን እንጂ ጠረጴዛ እያለን ለማን እንደሚገባ አለመጠየቃችን ጥፋታችን ነበር። በዚያች ማታ አባታችን ቴሌቪዥኑን አንሥተው ወደ ካርቶኑ መለሱና አልጋ ሥር ከተቱት። “ማስቀመጫ እስኪያገኝ ይተኛ” አሉ። ጠረጴዛዋም ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

ከዚህ በኋላ ነው በሥርዓት ማሰብ የጀመርነው። እህታችን አንድ ወረቀት አወጣችና ሁላችንንም ጠየቀች። እናታችን መጥረጊያና እጅ የሚገባበት፣ ከወለል ከፍ ያለ ይሁን አሉ። አባታችን ገንዘብ እንዳይፈጅ አሉ። እኛ ማሙሽ የማይወጣበት ይሁን አልን። ማሙሽም ተጠይቆ “ቶሎ ይምጣ” አለ። ልብ በሉ፣ ዕቃ ቤት ስንዞር የጠየቅነው “የትኛው ያምራል?” ብለን ነበር። አሁን ግን “ቤታችን ምን ይፈልጋል?” ብለን ጠየቅን።

ቀጥሎ መለካት መጣ። 32 ኢንች ማለት የስክሪኑ ወርድ መስሎን ነበር፤ ለካስ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የሚለካ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሰያፉ 81 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እህታችን በሜትር ስትለካው ወርዱ 71፣ ቁመቱ 40 ገደማ ሆነ። በፓይታጎራስ አረጋገጠችውና ትክክል መጣላት። ያ ዝቅ ያለባት ሒሳብ! ቴሌቪዥኑ ከማስቀመጫው ጠርዝ በሁለቱም በኩል ገባ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ከጎኑም ሪሲቨሩ እንዲያርፍ 1 ሜትር ከ20 በቂ ነው አልን። ለቁመቱ ደግሞ እናታችንን ዱካ ላይ፣ አባታችንን መደብ ላይ አስቀምጠን ከመሬት እስከ ዓይናቸው ለካን። የስክሪኑ መካከል ከዓይናቸው ጋር ትይዩ እንዲሆን ማስቀመጫው 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደህና ነው። አንገት ሽቅብ ተሰቅሎ ማየት ያደክማልና። አባታችን ሜትሩን ትተው በክንዳቸው ለኩ፤ “ከፍታው አንድ ክንድ ተኩል፣ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል” አሉ። ሁለቱ ልኬቶች ተቀራረቡ፤ ሳቅን።

ቦታውንም መረጥን። መስኮት ፊት ለፊት ቢሆን ስክሪኑ ላይ ብርሃን ያንጸባርቃል፤ መስኮት ጀርባው ቢሆን ዓይን ይወጋል። ስለዚህ ብርሃን የማይመታው የጎን ግድግዳ ተመረጠለት። እዚህ ላይ ነው የገረመን። ቴሌቪዥን ብርሃን ይሸሻል፣ ደብተር ግን ብርሃን ይሻል። ሁለቱ በቦታ ተጣልተው አያውቁም ማለት ነው! እኛ ነን ያለ ጠብ ያጣላናቸው።

የቀረው እንጨቱ ነው። ያረፉት አያታችን የጽድ አልጋ ተፈታቶ ጣሪያው ሥር ተሰቅሎ ነበር። አባታችን ቀና ብለው አዩት፤ እናታችንም ቀና ብለው አዩትና ዝም አሉ። የእናታቸው አልጋ ነው። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ከሁለት ቀን በኋላ እናታችን ራሳቸው “እማዬ ዕቃ ተሰቅሎ ሲበላሽ አትወድም ነበር፤ አውርዱት” አሉ። ሰፈራችን ያሉትን አናጺ ጠራናቸው። ጋሼ ጣውላውን በመላጊያ ሲመቱት የጽዱ ሽታ ቤቱን ሞላው። እናታችን ቡና አፈሉ።

ሁለቱ የአልጋ ጎኖች በኮላ ተጋጥመው የላዩ ጠፍጣፋ ሆኑ፤ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር መጣ። ከራስጌው አራት ወፋፍራም እግሮች ወጡ። የታችኛው መደርደሪያ ለስታቢላይዘሩ ሲሆን ወለል ሲታጠብ ውሃ እንዳይነካው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል። ማዕዘኖቹ በብርጭቆ ወረቀት ደበዘዙ። መሳቢያ የለውም፤ ጀርባውም ሽቦ እንዲያልፍና ሙቀት እንዲወጣ ክፍት ነው። የከፈልነው የእጅ ዋጋ፣ ኮላና ቫርኒሽ ብቻ ነበር። ሲያልቅ ጋሼ በሁለት እጃቸው ተደግፈው ነቀነቁት። “ይኼ እንኳን ቴሌቪዥን እኔንም ይሸከማል” አሉ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ማሙሽ። ወፍራም ጨርቅ ሆኖ የማይላላ ማሰሪያ ያስፈልግ ነበር። አባታችን ዳሳቸው ገብተው ድሩን ደርበው ሦስት ጣት የሚያህል መቀነት ሸመኑ። አንዱን ጫፍ በቴሌቪዥኑ ጀርባ ባሉት የብሎን ቀዳዳዎች፣ ሌላውን ጫፍ ጋሼ ፈልገው ባገኙት የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ አጥብቀን አሰርን። ጭቃው ያልቻለውን ቋሚው ቻለው። እናታችን ዳንቴላቸውን አጥበው ጠረጴዛዋ ላይ ሊያለብሱ ሲሉ እህታችን “ኧረ እማዬ፣ ይንሸራተትብኛል!” አለቻቸው። ዳንቴሉ ሬድዮኑን አለበሰ። ለ2017 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ቴሌቪዥኑ ከአልጋ ሥር ወጣ።

አንባብያን “ታዲያ ይህ ለእጩ መምህር ምኑ ነው?” ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር እንንገራችሁና እናብቃ።

አንደኛው ከትምህርት ቤት ነው። እንደሚታወቀው በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ተጀምሮ ነበር። እኛ በተማርንበት ክፍል ያገኘነው ግን ባዶውን የብረት ሣጥን ብቻ ነው። ስክሪኑ ሄዷል፣ ማስቀመጫው ቀርቷል፤ መምህራኖቻችን ጠመኔና ዳስተር ያስቀምጡበት ነበር። ዕቃ ያልፋል ይለወጣል፤ የቤቱና የክፍሉ ፍላጎት ግን እዚያው ነው። ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤትም አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር “የማንን ቦታ ይወስዳል?” ብለን አስቀድመን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ከማስተማር ልምምዳችን ነው። ከመካከላችን ይህን የሚጽፈው ባለፈው ተርም አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ደብተር ሲያርም፣ መስመሩ የጠመመ፣ ወረቀቱ የተበሳ የቤት ሥራ አገኘ። በቀይ እስክሪብቶ “ጽሕፈትህን አሻሽል!” ብሎ ጻፈበት። ደብተሩን ከዘጋ በኋላ የእህታችን ደብተር ትዝ አለው። በማግስቱ ልጁን ለብቻው ጠርቶ “ቤት ስትጽፍ ደብተርህን ምን ላይ አድርገህ ነው?” አለው። ልጁም “መሬት ላይ ተኝቼ” አለ። ያን ቀይ ጽሑፍ ማጥፋት አይቻልም። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ክፍል ውስጥ እየቀረ ይጽፍ ነበር፤ ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ መስመሩ ቀና ማለት ጀምሮ ነበር።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ቤታችሁ ቴሌቪዥን ሲገባ ማስቀመጫውን አብራችሁ አስቡ። ከውበቱ በፊት ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የሕፃኑን እጅና የእናትን መጥረጊያ ተመልከቱ። አጥብቃችሁም እሰሩት። ከዚያ በፊት ግን በቤቱ ያለችውን ጠረጴዛ አይታችሁ “ይህቺ ለማን ናት?” ብላችሁ ጠይቁ። የጠመመ ጽሕፈት ስታዩም ከቀዩ እስክሪብቶ በፊት ይኼው ጥያቄ ይቅደም እንላለን።

እህታችን ዘንድሮም መስኮቱ ሥር ናት። ማሙሽም ትምህርት ቤት ገብቷልና የጠረጴዛዋን አንድ ጎን ይዞ “ሀ ሁ” ይጽፋል። አሁን ጠቡ በቴሌቪዥኑና በደብተሩ መካከል መሆኑ ቀርቶ በሁለቱ ክርን መካከል ነው። ይህ ግን ጥሩ ጠብ ነው።